ሥዕሉ ጭምብል አልነበረም፦ የባሮክን ሥዕል በሚመለከት ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ባሮክ ዘመን ሥዕል የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብሁ። ጸሐፊው ሐሳባቸውን ሳያድበሰብሱ ያስቀመጡ ሰው ስለሆኑ መልስ መስጠቱ አይከብድም። ዋናው ክርክራቸው እንዲህ ነው፦ በ17ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ የተሳሉት መስቀሎች፣ መላእክትና ቅዱሳን ላይ ላዩን ሃይማኖት ይመስላሉ፣ ውስጣቸው ግን ፖለቲካ ነው። ቤተ ክርስቲያንና ነገሥታት ከፈሉ፣ ሠዓሊው ሳለ፣ ፊደል ያልቆጠረው ሕዝብ አይቶ ተታለለ። ሃይማኖቱ ጭምብል ነው፣ ፊቱ ሥልጣን ነው። ከዚህ ተነሥተው ፕሮቴስታንቶችን ለመመለስ በተጠራው የካቶሊኮች የትሬንት ጉባኤ፣ በሠዓሊዎቹ በካራቫጆ፣ በሩበንስ፣ በአርቴሚዝያ ጄንቲሌስኪና በሙሪዮ ላይ አንድ በአንድ ይፈርዳሉ። በስተመጨረሻም ጉዳዩ የአውሮፓውያን እንጂ የእኛ አይደለም ብለው ይዘጉታል።

እኔ ደግሞ የምለው ይህን ነው። በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ፖለቲካው የተደበቀበት ቦታ የለም፤ በአርማ፣ በስምና በመልክ በአደባባይ ተቀምጧል። ጉልበት ያገኘውም ሃይማኖቱ እውነተኛ ስለነበረ ነው። ማንም በማያምንበት ምልክት ማንንም ማሳመን አይቻልምና። ነጥቦቹን በእርሳቸው ቅደም ተከተል እሄድባቸዋለሁ፤ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ነጥብ የባሮክ ሥዕል የትሬንት ጉባኤ ትእዛዝ ነው የሚለው ነው። ጉባኤው በ1545 ተጀምሮ በ1563 ተዘጋ። ስለ ሥዕል የተናገረው በመጨረሻው ስብሰባው፣ አባላቱ ወደየአገራቸው ለመመለስ ሲጣደፉ ነበር። ያነሣሣቸው ምክንያትም የሥነ ጥበብ ጉዳይ አልነበረም። በፈረንሳይ የፕሮቴስታንቱ መሪ የካልቪን ተከታዮች ከአብያተ ክርስቲያናት ሥዕልና ሐውልት እያወረዱ ይሰባብሩ ስለነበር የፈረንሳይ ጳጳሳት መልስ ሳይዙ መመለስ አልፈለጉም። የወጣው ውሳኔ አጭር ነው፦ ቅዱሳት ሥዕላት ይከበሩ፣ ክብሩ ግን ለተሳለው ቅዱስ እንጂ ለሸራው አይሁን፤ የተሳሳተ ትምህርት፣ አጉል ልማድና ሥጋዊ ፍትወትን የሚቀሰቅስ ነገር ይራቅ፤ ያልተለመደ ሥዕል ያለ ጳጳሱ ፈቃድ አይሰቀል። ስለ ብርሃንና ጥላ፣ ስለሚውለበለብ ልብስ፣ ስለሚከፈት ሰማይ አንድም ቃል የለበትም። ከዚያ ውሳኔ እስከ ካራቫጆ የመጀመሪያዎቹ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ድረስ ከ35 ዓመት በላይ አልፏል። ውሳኔው የሚከለክለውን ነገረ፤ ምን እንደሚሳል ግን በየከተማው የሚገኙ ማኅበራት፣ ካርዲናሎች፣ መበለቶችና ነጋዴዎች ከሠዓሊዎች ጋር እየተከራከሩ ወሰኑት። ጸሐፊው «ቤተ ክርስቲያን አዘዘች» ባሉ ቁጥር «የትኛው ሰው?» ብለው ቢጠይቁ ኖሮ ግማሹ ጽሑፋቸው ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

ካራቫጆ ላይ ሲደርሱ ብዕራቸው ይሞቃል። ድሆችን በቅዱሳን ቦታ ስላቆመ ቤተ ክርስቲያን ገፋችው፤ ያ የታወቀው ቆሻሻ እግርም የዓመፅ ምልክት ነው ይላሉ። ሰውየው ጠበኛ እንደነበር አልክድም፤ በ1606 ሰው ገድሎ ከሮም ሸሽቷል። የሠዓሊው ጠባይ ግን ለሥዕሉ ትርጉም ምስክር ሆኖ አይቆምም። መዝገቡን እንይ። በሮም የፈረንሳዮች ቤተ ክርስቲያን በሆነው በሳን ሉዊጂ የማቴዎስን መጠራትና ሰማዕትነት ሳለ፤ ሁለቱም ከ1600 ጀምሮ እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። በሳንታ ማሪያ ዴል ፖፖሎ የጴጥሮስን ስቅለትና የጳውሎስን መለወጥ ሳለ፤ እነርሱም ከቦታቸው አልተነቃነቁም። የተመለሱበት ሥራዎች አሉ። ነገር ግን አንዱ ማኅበር የመለሰውን ሌላው ካርዲናል ወይም መስፍን ተሻምቶ ይገዛው ነበር። ይህ የሚያሳየው በአንዲቱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረውን የሐሳብ ልዩነት ነው እንጂ በዓመፀኛና በተቋም መካከል የተደረገ ጦርነት አይደለም።

እግሩን ቀረብ ብለን እንየው። ሥዕሉ «የሎሬቶዋ ማርያም» ይባላል፤ በሮም የሳንታጎስቲኖ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ሲገቡ በግራ በኩል ባለው የመጀመሪያ ጸሎት ቤት ተሰቅሏል። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ በደጃፍ ቆማለች፤ ከጎኗ ልስኑ የተላጠ ግድግዳ ይታያል። ከፊቷ ሁለት ያረጁ መንገደኞች ተንበርክከዋል። ወንዱ ጀርባውን ሰጥቶናል፤ በአቧራ የጠቆረው የእግሩ መዳፍ ወደ ተመልካቹ ዞሯል። አሮጊቷ የጠቀለለችው የራስ ሻሽ ያደፈና የተቀደደ ነው። በዘመኑ የካራቫጆን ታሪክ የጻፈው ባልዮኔ፣ ሥዕሉ ሲገለጥ ሕዝቡ እንደተንጫጫ ይነግረናል። ጸሐፊው ታሪኩን እዚህ ላይ ይቆርጡታል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ሥዕሉ አለመውረዱ ነው። ሥዕሉ ከመሳሉ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ 1600 የኢዮቤልዩ ዓመት ነበር፤ ሮም ከየአገሩ በእግሩ በመጣ መንገደኛ ተጥለቅልቃ ነበር። ፊሊፖ ኔሪ ያቋቋመው የሥላሴ ማኅበር እንግዶቹን ተቀብሎ ያበላና እግራቸውን ያጥብ ነበር። ካርዲናሎችና መሳፍንት ሸማቸውን ታጥቀው ጎንበስ ይሉ ነበር፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌመንት 8ኛ ራሳቸውም አጥበዋል። በዚያች ከተማ የመንገደኛ እግር ጳጳስ በእጁ የሚይዘው ነገር ነበር። በጸሎተ ሐሙስ ሕፅበተ እግር ሲፈጸም ያየ አንባቢ ይህን እኔ እንዳብራራለት አይፈልግም። ፖለቲካም አለበት፦ የፕሮቴስታንት ሰባኪዎች ወደ ቅዱሳን ቦታ መጓዝን ከንቱ ድካም ብለው ሲያወግዙ፣ ሮም የዚያኑ ተጓዥ እግር በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አኖረችው። ዓመፅ ነው የተባለው ነገር የተቋሙ መልስ ነበር።

በዚሁ ሠዓሊ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ጸሐፊው አላነሡትም፣ ቢያነሡት ግን ለክርክራቸው ከቆሻሻው እግር የተሻለ ማስረጃ በሆናቸው ነበር። በ1606 የጳጳሱ የፈረስ ባልደራሶች ማኅበር ለቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መሠዊያ ሥዕል አሠራ። ማርያም እባብን ረግጣለች፤ ሕፃኑ ኢየሱስ ደግሞ እግሩን በእርሷ እግር ላይ አሳርፎ አብሯት ይረግጣል። ሐና በጎን ቆማ ታያለች። ሁለት እግር አንድ እባብ ላይ የተደራረበበት ምክንያት የሠዓሊው ቀልድ አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 3 የእባቡን ራስ የሚቀጠቅጠው ማን ነው? በላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ መሠረት ካቶሊኮች «እርሷ» ሲሉ፣ ፕሮቴስታንቶች በዕብራይስጡ ተደግፈው ልጇ ነው፣ ለማርያም የማይገባ ሥራ ሰጣችሁ ይሉ ነበር። የካራቫጆ መልስ በሥጋና በቆዳ ተሳለ፦ እርሷ ትረግጣለች፣ የምትረግጠው ግን በልጇ ክብደት ነው። ሥዕሉ በባዚሊካው ውስጥ ብዙም አልሰነበተም፤ አወረዱት። የገዛው ማን ነው? የጳጳሱ የጳውሎስ 5ኛ የእህት ልጅ፣ ካርዲናል ሺፒዮኔ ቦርጌዜ። ዛሬም በቦርጌዜ ቤተ መዘክር አለ። እንዲህ ዓይነቱን ታሪክ «ገዢው መደብ ሕዝቡን አታለለበት» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ማን ይሸፍነዋል?

ሦስተኛው ክርክራቸው ምልክቶቹን ይመለከታል። ሥዕሉ ለማይማን የተጻፈ ፊደል ስለነበረ ሁሉም አይቶ ይረዳው፣ ተረድቶም ይገዛ ነበር ይላሉ። በዘመኑ ብዙ ካህናት ሥዕልን «የማይማን መጽሐፍ» ብለውታል፤ ያን አልቃወምም። ነገር ግን የባሮክ ታላላቅ የፖለቲካ ሥዕሎችን ሕዝቡ ያለ አስረጂ ማንበብ አልቻለም፤ ሠዓሊዎቹም ቢሆኑ ያለ መጽሐፍ አልሳሏቸውም። ቼዛሬ ሪፓ በ1593 ያሳተመው የምልክቶች መዝገብ ከአንዱ የሥዕል ቤት ወደ ሌላው የሚዞረው ለዚህ ነበር፦ እምነት ምን ትለብሳለች፣ ሰላም በእጇ ምን ትይዛለች፣ ክህደት በምን ትታወቃለች የሚለውን እየፈለጉ ያገኙበት ነበር።

ለዚህ በሮም ካለው ከባርበሪኒ ቤተ መንግሥት ጣሪያ የሚበልጥ ምስክር አላውቅም። ፒየትሮ ዳ ኮርቶና በ1639 የጨረሰው ይህ ግዙፍ ሥዕል የመለኮታዊ መግቦትን ድል ያሳያል፤ እግዚአብሔር ዓለሙን የሚመራበት ጥበብ በሴት አምሳል በደመና ላይ ተቀምጣለች። ከበታቿ ልጆቹን የሚበላው ሳተርን አለ፤ እርሱ ጊዜ ነው። በእጇ ምልክት ስትሰጥ ኢመዋቲነት የከዋክብት አክሊል ይዛ ወደ ላይ ትወጣለች። አክሊሉ የሚደፋው በማን ላይ ነው? በክርስቶስ ላይ አይደለም፣ በጴጥሮስም ላይ አይደለም። በሦስት ትልልቅ ንቦች ላይ ነው። እምነት፣ ተስፋና ፍቅር የሎረል ቅጠል ጉንጉን ዙሪያቸውን ይዘውላቸዋል፤ ከላይ የጳጳሱ ሦስት ድርብ ዘውድና የጴጥሮስ ቁልፎች አሉ። ሦስቱ ንቦች የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዑርባን 8ኛ ቤተሰብ አርማ ናቸው። ከነገሩ ሁሉ የሚያስቀው፣ የቤተሰቡ አርማ በመጀመሪያ ንብ ሳይሆን ተናዳፊ የፈረስ ዝንብ እንደነበር መነገሩ ነው። ሀብት ሲመጣ ዝንቡ ንብ ሆነ።

ዑርባን በ1623 ሲመረጡ የንብ መንጋ በምርጫው ስፍራ ታየ ተብሎ ይወራ ነበር። ላሊበላ ሲወለድ ንቦች እንደከበቡት እየሰማ ላደገ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም። የተመረጠ ሰው ምልክት ይቀድመዋል፤ ምልክቱን የሚያየው ሰውም ስለሚያምንበት ነው የሚያወራው። ባርበሪኒዎች ምርጫው የካርዲናሎች ድርድር ብቻ ሳይሆን የፈጣሪ ፈቃድ ነው ማለት ፈለጉ፤ አሉትም፣ በጣሪያ ሙሉ። የሥዕሉን ሐሳብ ያቀደው ፍራንቼስኮ ብራቾሊኒ የተባለ የቤተሰቡ ባለቅኔ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ወደ አዳራሹ የሚገቡ እንግዶች «ያቺ ማን ናት? ያኛውስ?» እያሉ አስቸገሩ። በ1640 ማቲያ ሮሲኪኖ የተባለ የቤተ መንግሥቱ ጠራጊ ለጠያቂዎች የሚሆን ማብራሪያ አሳተመ። እንግዲህ ማንም አይቶ የሚረዳው ፊደል ቢሆን ኖሮ ጠራጊ ቆሞ ማስረዳት ባላስፈለገው! ዑርባን በ1644 ሲሞቱ ደግሞ ተተኪያቸው ኢኖሰንት 10ኛ የዑርባንን የወንድም ልጆች መመርመር ጀመሩ፤ እነርሱም ወደ ፈረንሳይ ሸሹ። ሥዕሉ ሕዝቡን አታልሎ አስገዝቷል የሚሉት ጸሐፊ ይህን ሽሽት እንዴት እንደሚያስረዱት አላውቅም። ሮማውያን እኮ ዑርባን የጥንቱን የሮማውያን ቤተ መቅደስ የፓንቴዮንን ነሐስ አስነቅለው ሲወስዱ «አረመኔዎች ያላደረጉትን ባርበሪኒዎች አደረጉት» ብለው የተሳለቁ ሰዎች ናቸው።

ወደ ሩበንስ እንሂድ። ብሩሹን ለከፈለው ሁሉ የሸጠ፣ እምነት የሌለው ሰው ነው የሚለው ፍርድ በጽሑፉ ውስጥ ከሁሉ የከፋው ነው። በከፊል ልክ ናቸው፤ ልክ የሆኑበትን ላስቀድም። በ1622 የፈረንሳይ ንጉሥ እናት ማሪ ደ ሜዲቺ ሕይወቷን በ24 ሸራ እንዲስል ተዋዋለችው። ባሏ ሄንሪ 4ኛ በ1610 የተገደለው ዘውድ በደፋች ማግስት ነው። ሩበንስ ግድያውን አላሳየም። በግራ ንጉሡ ወደ ሰማይ ይነጠቃል፣ በቀኝ እርሷ ጥቁር ለብሳ በዙፋን ተቀምጣ የመንግሥቱን ሉል ትቀበላለች፣ መኳንንቱ ይንበረከካሉ። ዕርገትን ከሚያሳዩ ሥዕሎች የተወሰደውን አሳሳል በክርስቶስ ፈንታ ለንጉሥ ማዋል ውዳሴ ከንቱ ነው ቢባል አልከራከርም። ሴትየዋንም አላዳናትም፤ ከልጇ ጋር ተጣልታ በስደት በ1642 ኮሎኝ ሞተች።

ነገር ግን ሩበንስ በዛሬዪቱ ቤልጅየም የምትገኘው የአንትወርፕ ሰው ነው፤ አንትወርፕን ሳያነሡ ሩበንስን መፍረድ አይቻልም። በ1566 ሥዕል ሰባሪዎች የከተማዋን ካቴድራል ገብተው አወደሙ። በ1581 የካልቪን ተከታዮች አስተዳደር የተረፈውን አስወገደ። በ1585 የስፔን ጦር ከተማዋን ከብቦ ያዛት፤ ፕሮቴስታንቶች ንብረታቸውን ሸጠው እንዲወጡ ጊዜ ተሰጣቸው፣ የሕዝቡም ግማሽ ያህል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለቀቀ። በ1609 ከሰሜኑ፣ ማለትም ከፕሮቴስታንቱ ሆላንድ ጋር ለ12 ዓመት ጦርነት የሚያቆም ውል ሲፈረም ከተማዋ ባዶ መሠዊያዎቿን መሙላት ጀመረች። ሩበንስ በ1610 እና 1611 «የመስቀሉን መነሣት» የሳለው ለዚህች ከተማ፣ ለቅድስት ዋልቡርጋ ቤተ ክርስቲያን ከፍተኛ መሠዊያ ነው። ጡንቻቸው የተገተረ ሰዎች መስቀሉን ከነክርስቶስ ወደ ላይ ይገፋሉ። ከሥዕሉ ሥር ካህኑ በቅዳሴ ሰዓት ኅብስቱን ወደ ላይ ያነሣል። ሁለቱ ማንሣቶች በአንድ መስመር ይገናኛሉ። ኅብስቱ በእውነት የክርስቶስ ሥጋ ነው ወይስ መታሰቢያ ብቻ የሚለው ጥያቄ ያቺን ከተማ ከፍሎ፣ ሰዎችን ከቤታቸው አስወጥቷል። ሥዕሉ በዚያ ጥያቄ ላይ የቆመበትን ወገን ሊደብቅ አልሞከረም። ቆራቢው ደግሞ ለማመን እንጂ ለመታለል አልነበረም የመጣው።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የጠመንጃ ያዦች ማኅበር ለካቴድራሉ ሥዕል አዘዘው። የማኅበሩ ጠባቂ ቅዱስ ክሪስቶፎር ነው፤ ክርስቶስን በትከሻው ወንዝ አሻገረ የሚባለው። ታሪኩ ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ስለሌለ ከትሬንት በኋላ በመሠዊያ መካከል ማኖር አላስደሰተም። ሩበንስ ያደረገውን ልብ ይበሉ፦ መካከሉ ላይ የክርስቶስን ከመስቀል መውረድ፣ በአንዱ ክንፍ ጌታን በማኅፀን የተሸከመችው ማርያም ኤልሳቤጥን ስትጎበኝ፣ በሌላው ክንፍ አረጋዊው ስምዖን ሕፃኑን በክንዱ ታቅፎ። ሁሉም ክርስቶስን የተሸከሙ ናቸው። ክሪስቶፎር ራሱ ክንፎቹ ሲዘጉ ከውጭ ይታያል። በስምዖን ክፍል ውስጥ የማኅበሩ አለቃና የከተማዋ ከንቲባ ኒኮላስ ሮኮክስ ቆሞ ይታያል። ታጣቂ ማኅበር፣ ከንቲባ፣ የጉባኤ ክልከላና የስምዖን ጸሎት በአንድ ሥዕል! ከዚህ ውስጥ ፖለቲካውን ለይቶ «ፊቱ» ሃይማኖቱን ለይቶ «ጭምብሉ» የሚል ሰው ሥዕሉን በመቀስ መቁረጥ ይኖርበታል።

እምነት የለውም የተባለው ሰው የስፔን ንጉሥ መልእክተኛ ሆኖ በ1629 ለንደን ሄዶ ለሰላም ሲደራደር ነበር፤ በ1630 ውሉ ተፈረመ። እዚያው ሳለ የጥበብ አምላክ ሚኔርቫ የጦርነትን አምላክ ከሰላም ስታርቅ የሚያሳይ ሥዕል ለንጉሥ ቻርልስ አበረከተ። በ1638 ደግሞ ወደ ፍሎረንስ ስለ ላከው «የጦርነት መዘዝ» ሥዕል ለሌላው ሠዓሊ ለሱስተርማንስ በጻፈው ደብዳቤ ምልክቶቹን ራሱ አንድ በአንድ ይፈታል። የጦርነት አምላክ ማርስ በሰላም ጊዜ የሚዘጋውን፣ አሁን ግን የተከፈተውን የያኑስን ቤተ መቅደስ ትቶ ይወጣል፣ መጻሕፍትንና ሥዕልን ይረግጣል። ክራሯ የተሰበረ ሴት ወድቃለች። ልጇን የያዘች እናት አለች፣ መሣሪያውን የጨበጠ አናጺ ተጋድሟል። ጥቁር ለብሳ፣ ልብሷ ተቀዶ፣ ጌጧን ሁሉ ተዘርፋ እጇን ወደ ላይ የዘረጋችው ግን መከረኛዋ አውሮፓ ናት፤ ለብዙ ዓመት ዝርፊያንና መዋረድን የቻለች። ከእርሷ ጎን ትንሽ መልአክ አናቱ ላይ መስቀል ያለበት ሉል ይዟል፤ ያ የክርስቲያኑ ዓለም ነው። የ30 ዓመቱ ጦርነት ገና አላበቃም ነበር። ይህን የጻፈ ሰው ምን እንደሚያምን ለማወቅ የግድ ልቡን መክፈት አያስፈልግም።

«ፕሮቴስታንቶች ከዚህ ሁሉ ነጻ ነበሩ» የሚለውን ነጥብ በአጭሩ ልለፈው፤ ምክንያቱም ማስረጃው ጣሪያ ላይ ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ የአገሩ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ነው፣ ሮምንም አይቀበልም፤ ነገር ግን በለንደን በዋይትሆል ቤተ መንግሥት የግብዣ አዳራሽ ጣሪያ ላይ አባቱን ጄምስን ወደ ሰማይ የሚያሳርገውን ሥዕል ያሠራው ከዚያው ካቶሊክ ከሩበንስ ነው። በ1636 ተሰቀለ። በጥር 1649 ቻርልስ አንገቱ የተቆረጠው ከዚሁ አዳራሽ ደጃፍ ነው። በአምስተርዳምም ካልቪናውያኑ የአብያተ ክርስቲያናቱን ግድግዳ ነጭ ቢቀቡም ሥዕሉ ወደ ከተማው ምክር ቤት ተሻገረ፤ ፈርዲናንድ ቦል ሙሴን ጽላቱን ይዞ ከሲና ሲወርድ ሳለላቸው። ራሳቸውን አዲሱ እስራኤል አድርገው ያዩ ነጋዴዎች የሙሴን ሥልጣን ለራሳቸው ዳኞች ማዋሳቸው ነው።

አርቴሚዝያ ላይ ሲደርሱ በተቃራኒው ፖለቲካም ሃይማኖትም ይጠፋል። ዮዲት ሆሎፎርኒስን ስታርደው የሳለችው በ1612 የተፈረደላትን የመደፈር በደል ለመበቀል ብቻ ነው ይሉናል። በደሉ እውነት ነው፣ ችሎቱም የተመዘገበ ነው። ነገር ግን ዮዲት በእኛ ሰማንያ አሐዱ ውስጥ የምትነበብ ሴት ናት፤ ሕዝቧን ከከበባ ያዳነች ባልቴት ስለሆነች፣ በዚያ ዘመን ካቶሊኮች የቤተ ክርስቲያንን በመናፍቃን ላይ ድል በእርሷ ያሳዩ ነበር። ዛሬ በኡፊትሲ ቤተ መዘክር የሚገኘው ሁለተኛው ሥዕሏ ደግሞ በፍሎረንስ ለከተማዋ ገዢዎች ለሜዲቺዎች ቤት የተሳለ ነው። በዚያች ከተማ የዶናቴሎ የዮዲት ሐውልት በ1495፣ ሜዲቺዎች ከተባረሩ በኋላ፣ ከቤታቸው ተወስዶ ለአምባገነን ማስጠንቀቂያ እንዲሆን በምክር ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ነበር። የአንዲትን ታላቅ ሠዓሊ ሥራ ወደ አንድ ቁስል ማሳነስ ለእርሷ የቆሙ ቢያስመስልም ውለታ አይደለም።

ሙሪዮን ግን «ንጹሕ ጸሎት፣ ፖለቲካ ያልነካው» ብለው ያሞግሱታል። ከሁሉም ነጥባቸው ያስደነቀኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም በስፔን ከዚህ የበለጠ በፖለቲካ የነደደ የሥዕል ርእስ አልነበረም። ማርያም ያለ ጥንተ አብሶ ተፀነሰች የሚለው ትምህርት ያን ጊዜ ገና ቀኖና አልሆነም። ፍራንሲስካውያን መነኮሳት ይደግፉታል፣ ዶሚኒካውያን መነኮሳት ይቃወሙታል። በ1613 በሴቪያ አንድ ዶሚኒካዊ ትምህርቱን ነቅፎ ሲሰብክ ከተማው ተቆጣ፤ ሰልፉና መዝሙሩ ጎዳናውን ሞላው። ንጉሥ ፊሊፕ 3ኛ ጉዳዩን የሚከታተል ጉባኤ አቋቁሞ ወደ ሮም መልእክተኛ ላከ። ጳጳሱ በ1617 ትምህርቱን በአደባባይ መንቀፍን ከለከሉ፤ በ1661 አሌክሳንደር 7ኛ አጠናከሩት። ቀኖና የሆነው በ1854 ነው። ጥንተ አብሶን በተመለከተ በእኛም ዘንድ ስንት ክርክር እንደተደረገ ለሚያውቅ ሰው፣ ነጭ ቀሚስና ሰማያዊ መጎናጸፊያ የለበሰችው፣ ጨረቃን የረገጠችው ልጅ «ፖለቲካ ያልነካት» ናት ማለት ከባድ ነው። ቀለሙንና ዕድሜዋን እንኳ የወሰነው ፓቼኮ፣ የቬላስኬዝ መምህርና አማት፣ በሴቪያ ለኢንኩዊዚሽን፣ ማለትም መናፍቃንን ለሚመረምረው የካቶሊክ ፍርድ ቤት፣ ሥዕል የሚመረምር ሰው ነበር። አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት ዓመት ትሁን አለ፤ ሙሪዮ አንዳንዴ ተከተለው፣ አንዳንዴ ተወው። ከሙሪዮ ሥዕሎች ዝነኛውን ደግሞ በ1813 የናፖሊዮን ማርሻል ሱልት ከሴቪያ ዘርፎ ወሰደው፣ በ1852 የፓሪሱ ሉቭር ቤተ መዘክር ገዛው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል የፈረንሳዩ መሪ ፔታንና የስፔኑ መሪ ፍራንኮ በልውውጥ ወደ ስፔን መለሱት።

«ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም» ለሚለው መልሴ ጎንደር ናት። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 5ኛ በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ውስጥ ባሠሩት ውድ ጸሎት ቤት በ1613 ያኖሩት ጥንታዊ የማርያም ሥዕል አለ። ጀስዊቶች ቅጂውን ወደ ሄዱበት ዓለም ሁሉ ይዘውት ይዞሩ ነበር፤ ወደ እኛም መጣ። ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን ተቀብለው፣ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 የተዋሕዶን ሃይማኖት መለሱ፤ ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን አባረሩ። ሥዕሉ ግን አልተባረረም። እጆቿን አንዱን በሌላው ላይ አድርጋ መሐረብ የያዘችው እመቤት፣ መጽሐፍ የያዘው ልጇ የጎንደር ሠዓሊዎች ዋና አርአያ ሆኑ። የተባረረውን ወገን ሥዕል የራስ ማድረግ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ኵርዓተ ርእሱም እንዲሁ ከአውሮፓ የመጣ የእሾህ አክሊል የደፋ ክርስቶስ ሥዕል ነው፤ ነገሥታቱ መሐላ ያስምሉበት፣ ጦር ሲዘምት ያስይዙት ነበር። በዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ ዘመን በ1744 በሰናር ተማረከ፤ በብዙ ወርቅ ተቤዠ። በ1868 መቅደላ ሲዘረፍ እንግሊዞች ወሰዱት። ይህን የሚያውቅ አገር «ሥዕልና ሥልጣን የሌሎች ጣጣ ነው» ሊል አይችልም።

ሁለት ትናንሽ እርማቶች ቀርተውኛል። የዋይትሆሉ ጣሪያ በልስን ላይ የተሳለ አይደለም፤ ሩበንስ አንትወርፕ ሆኖ በሸራ ሠርቶ የላከው ነው። ቬሮኔዜም «በኢንኩዊዚሽን የታሰረ የባሮክ ሠዓሊ» አይደለም። በ1573 ነው የተጠየቀው፣ ከባሮክ በፊት፤ አልታሰረምም። በመጨረሻው እራት ሥዕል ውስጥ የጀርመን ወታደሮች፣ አፍንጫው የሚደማ አገልጋይና በቀቀን የያዘ ቀልደኛ ለምን አስገባህ ሲሉት ሠዓሊ እንደ ባለቅኔና እንደ እብድ ነጻነት አለው ብሎ መለሰ። በሦስት ወር ውስጥ በራስህ ወጪ አስተካክል ተባለ። እርሱም ርእሱን «በሌዊ ቤት የተደረገ ግብዣ» ብሎ ቀየረውና ቀልደኛውን፣ በቀቀኑን፣ ጀርመኖቹንም ሳይነካ ተወ።